የሚሠራ የድሮ የውሃ ወፍጮ ልናይ ነው፤ ምን እንይ? ምን እንለካ?

ደቻቱ ዳር
ሰላም ጀመዓ። ከድሬ 18 ሰው ሆነን ልንነሳ ነው፤ ገሚሱ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ገሚሱ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ሰልጣኝ። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን አድረን፣ በነጋታው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ ዛሬም እህል የሚፈጭ የድሮ የውሃ ወፍጮ ለማየት ሙሉ ቀን ይዘናል። የድንጋይ ቤት ሆኖ ከሥሩ አግድም የተኛ የእንጨት ጎማ ያለው ዓይነት ነው ተብለናል። ፎቶ ብቻ ተነስተን መመለስ አንፈልግም። ሙያው ያላችሁ፣ ከየት እንጀምር? ምን ይዘን እንሂድ? የራሳችንን ማሽላ ወስደን ብናስፈጭስ ያስኬዳል?

አሸንዳ
ከወንዙ ጀምሩ። እንግዳ ሁሉ ዘው ብሎ ወፍጮ ቤቱ ይገባና ድንጋይ ሲዞር አይቶ ይወጣል። እናንተ ውሃው ወደተጠለፈበት ወጥታችሁ ከቦዩ ጋር ቁልቁል ውረዱ።

ጠለፋው አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ፣ ጭቃና ቅርንጫፍ ነው። ክረምት ይወስደዋል፣ መስከረም ላይ እንደገና ይሠራል። "ለምን በሲሚንቶ አልገነቡትም?" ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ጎርፉ ጠለፋውን ይዞ ሲሄድ ወደ ቦዩ የሚገባው ውሃ ይቀንሳል፣ ቦዩና ወፍጮ ቤቱ ይተርፋሉ። ጠለፋ በአንድ ቀን ደቦ ይሠራል፤ ቦይ ግን ወር ይፈጃል።

ቦዩ በ100 ሜትር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ ውሃው አፈሩን ይቦረቡራል፣ ካነሰ ደለል ይተኛበታል። ከወፍጮው በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ቅጠልና ጭራሮ የሚይዝ ፍርግርግ፣ ትርፉ ውሃ ወደ ወንዝ የሚመለስበት ማስተንፈሻ። ማስተንፈሻ የሌለው ቦይ ባንድ ዶፍ ዝናብ ይናዳል።

ከዚያ አሸንዳው አለላችሁ። የተቦረቦረ ግንድ ወይም ጣውላ ነው፤ አሁን አሁን ላሜራም ይጠቀማሉ። ቁልቁል ተተክሎ ጫፉ ጋ ይጠባል፤ የጠበበውም ውሃው ተጨምቆ እንዲመታ ነው። የሚመታው የት ጋ እንደሆነ አጎንብሳችሁ እዩ። ከዘንጉ ራቅ ብሎ፣ የክንፉ ውጫዊ ሲሶ ላይ፣ ፊት ለፊት መምታት አለበት። ገሚሱ ውሃ ክንፉን ስቶ ግድግዳ ከመታ አሸንዳው ከቦታው ተንሸራቷል። ይሄ በጣም የተለመደ ጉድለት ነው፤ ባለ ወፍጮው ግን "ዘንድሮ ውሃው አነሰ" ይላችኋል።

ሜትር በኪሱ
አሸንዳ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ቁጥር ልጨምር። የሚያስፈልጋችሁ ሜትር፣ ሰዓት፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ወይም የደረቀ ቆረቆንዳ፣ 10 ሜትር ገመድና ሊቬላ (ውሃ ልክ) ብቻ ነው።

ቦዩ ቀጥ ያለበትን 5 ሜትር ምረጡ። ወርዱን ለኩ፣ ጥልቀቱን ሦስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ክዳኑን ከላይ ጣሉና 5 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ያዙ፤ አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ላይኛው ውሃ ከሥረኛው ስለሚፈጥን ያገኛችሁትን ፍጥነት በ0.8 አባዙት።

ምሳሌ፦ ወርድ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር፣ 5 ሜትሩን በ10 ሰከንድ። ስፋቱ 0.08 ካሬ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር፣ ሲባዛ 0.04፣ በ0.8 ሲስተካከል 0.032 ሜትር ኩብ፤ ማለትም በሰከንድ 32 ሊትር። ከአሸንዳው የላይኛው አፍ እስከ ጎማው ያለው ውድቀት 3.5 ሜትር ቢሆን፣ 9.81 (የምድር ስበት ቁጥር) ሲባዛ በ0.032 ሲባዛ በ3.5 ወደ 1.1 ኪሎዋት ይመጣል። ይሄ ውሃው ውስጥ ያለው ጉልበት ነው። የድሮ የእንጨት ጎማ ከዚህ ሩቡን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ቢይዝ ነው፤ ድንጋዩ ጋ የሚደርሰው 0.3 ኪሎዋት ገደማ ብላችሁ ያዙ።

የሸዋ በር ልጅ
ኧረ አቦ! 0.3 ኪሎዋት? ይሄማ ከጁስ መፍጫ አይበልጥም!

ሜትር በኪሱ
አይበልጥም፣ እውነትህን ነው። ልዩነቱ የጁስ መፍጫው ጉልበቱን በፍጥነት ሲጨርሰው፣ ይሄኛው በዝግታ የሚሄድ ከባድ ድንጋይ ላይ ማዋሉ ነው። ሠፈር ወፍጮ ቤት ያለው 15 ኪሎዋት ሞተር የዚህ 50 እጥፍ ነው። ስለዚህ በሰዓት ኩንታል አትጠብቁ። ኔፓል ተራሮች ላይ ያሉት ተመሳሳይ አግድም ጎማ ወፍጮዎች በሰዓት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው የሚፈጩት። 15 ብንል አንድ ኩንታል ሰባት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጨውም ለዚህ ነው። 18 ሰው እያንዳንዱ 10 ኪሎ ይዞ ቢመጣ አንድ ቀን አይበቃችሁም፤ የአካባቢው ሰው ወረፋም አለ። ሁላችሁም አንድ ላይ 20 ኪሎ ያዙ።

መጅ
ወደ ድንጋዩ እንግባ፤ ዋናው ሙያ እዚያ ነው።

የታችኛው አይንቀሳቀስም። ዘንጉ የእሱን መሀል በእንጨት ማቀፊያ ተሸፍኖ ያልፍና ጫፉ ላይ ያለችው የብረት አግዳሚ የላይኛውን ድንጋይ ሆዱ ላይ ገብታ ትሸከመዋለች። የላይኛው የታችኛው ላይ አልተኛም ማለት ነው፤ ባንድ ጫፍ ላይ ቆሞ ይዞራል። 80 ሳንቲ ሜትር ወርድና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ያንን ሁሉ የያዘችው የዘንጉ የታች ሹል ናት። ሹሏ ውሃ ውስጥ ባለ ጠንካራ ድንጋይ ወይም የብረት ጽዋ ላይ ትዞራለች፤ ግራሶ የላትም፣ የሚያለሰልሳት ውሃው ነው። ስትበላ ድንጋዩ ዝቅ ይላል፣ ይነካካል።

ክፍተቱ መሀል ላይ ሰፋ፣ ዳር ላይ ጠበብ ይላል። የአውሮፓ ወፍጮ ሠሪዎች ልኩን በወረቀት ይናገሩታል፦ ዓይኑ (የመሀሉ ቀዳዳ) ጋ የካኪ ወረቀት፣ ዳሩ ጋ የስስ ወረቀት ውፍረት። እህሉ መሀል ላይ ይሰበራል፣ ወደ ዳር እየሄደ ይልማል። ድንጋዩ ፊት ላይ የተወቀሩት ፈሮች እህሉን ይቆርጣሉ፣ ወደ ውጭ ይነዳሉ፣ አየር ያስገባሉ። ፈሩ ሲያልቅ ድንጋዩ እንደ ሰሌዳ ይለሰልሳል፤ ያኔ እህሉን መፍጨቱን ትቶ ያሸዋል። ምልክቱ ሦስት ነው፦ ዱቄቱ እጅ ያቃጥላል፣ ሲነካ ዝልግልግ ይላል፣ ሽታው የተቆላ ይመስላል።

ድንጋዩ ሲወቀር ካሳዩአችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የላይኛውን በአራት ሰውና በመፈንቅል አንስተው ይገለብጡታል። ቀጥ ያለ ጣውላ ጠርዝ ላይ ቀይ አፈር በጥብጠው ይቀቡና ድንጋዩ ላይ ያሽከረክሩታል፤ ቀይ የነካው ጉብ ያለው ቦታ ነው፣ እሱን ብቻ ይወቅራሉ። ከዚያ ፈሩን ያድሳሉ። ይሄ ዘዴ እንግሊዝም እንዲሁ ነው፣ ቀይ አፈሩ እንኳ አልተለወጠም። በየቀኑ የሚሠራ ድንጋይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ መወቀር ይፈልጋል። ከተወቀረ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ፉርሽካ ይለቀቅበታል፤ የድንጋዩን ብናኝ ጠርጎ ይወጣል። እሱን ለዶሮ መስጠት ይቻላል፤ ዶሮ ጠጠር አትጠላም። ለሰው ግን አይሆንም፤ "የውሃ ወፍጮ ዱቄት አሸዋ አለው" የሚባለው ሐሜት የሚመጣው ይህን ከሚዘሉት ነው።

እማማ ወፍጮ ቤት
መጅ ልጄ፣ ጥሩ አስረድተሃል። ዱላዋን ግን ረሳሃት።

እህል ከሚሞላበት ቅርጫት ሥር ትንሽ ገበቴ ተንጠልጥላለች። ከገበቴዋ ጋር የታሰረች ቀጭን እንጨት አለች፤ አንድ ጫፏ የሚዞረው ድንጋይ ጀርባ ላይ ያርፋል። የድንጋዩ ጀርባ ሸካራ ስለሆነ እንጨቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ገበቴዋን ትነቀንቃለች፣ እህሉ ጠብ ጠብ ይላል። ድንጋዩ ሲፈጥን ብዙ ትነቀንቃለች፣ ብዙ እህል ይወርዳል፤ እህሉ ሲበዛ ድንጋዩን ይይዘዋል፣ ይዘገያል። ሲዘገይ ደግሞ የሚወርደው ያንሳል። ሰው ሳይነካው ራሱን ያስተካክላል። ልጆቹ እዚያ ጋ አሥር ደቂቃ ቆመው ድምፁን ይስሙ። ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን ድምፁ ይለወጣል፤ ባዶ ድንጋይ ድንጋይን ከነካ ብልጭታ ይወጣል። የፈረንጆቹ ላይ እህሉ ሲያልቅ የምትጮህ ደወል ትንጠለጠላለች፤ እህል እስካለ ድረስ የቆዳ ማሰሪያዋ እህሉ ውስጥ ተቀብሮ ይይዛታል።

ቺንጋ
ቀን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። በ12 (ሚካኤል)፣ በ21 (ማርያም)፣ በ29 (በዓለ ወልድ) እና እሑድ ብዙ ቦታ ወፍጮ ይቆማል፤ 18 ሰው ይዛችሁ ዝግ በር እንዳታገኙ። ስለ ውሃው ከሆነ ኅዳር ጥሩ ነው፣ ከክረምት የተረፈ ውሃ አለ፣ አዲሱም እህል እየገባ ነው። ግንቦት ላይ ከሄዳችሁ ውሃውን መስኖ ወስዶት ታገኙታላችሁ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ስጋ የምትበሉ ምሳችሁን ከድሬ ይዛችሁ ውጡ፣ ገጠር ላይ ሽሮ ነው የምታገኙት።

ደቻቱ ዳር
አላህ ይስጣችሁ፣ እየጻፍኩት ነው። እማማ፣ ማሽላውን እንዴት አዘጋጅተን እንውሰድ? ሙይራና ፈንዲሻ የሚባሉት የማሽላ ዓይነቶች አሉን።

እማማ ወፍጮ ቤት
ለየብቻ ያዙት፣ አትቀላቅሉት። መጀመሪያ በደንብ ይበጠር፤ ጠጠር ይለቀም። የሞተር ወፍጮ ጠጠር ቢገባበት ይጮሃል፣ የድንጋዩ ግን ዝም ብሎ ፈሩ ይቆረሳል፤ ጉዳቱን የምታውቁት ከወር በኋላ ነው።

ሁለተኛው ድርቀቱ ነው። ፍሬዋን በጥርስ ስትሰብሩ ቀጭ ማለት አለባት። ከ14 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው እህል ፈሩን እንደ ሊጥ ይደፍነዋል፤ ያኔ ድንጋዩ ተነስቶ በቢላ ሊፋቅ ነው፣ የሌላው ሰው ወረፋም ቆመ። ደብረ ብርሃን ብርዱ ከድሬ አይገናኝም፣ ሌሊት ጤዛ አለ። ማሽላችሁን ውጭ መኪና ላይ አታሳድሩት።

ሦስተኛው፣ ከእናንተ በፊት ስንዴ ወይም ገብስ ተፈጭቷል። የመጀመሪያው ኪሎ የተደባለቀ ነው፤ ለብቻ ተቀበሉት። ለእንጀራ ልም፣ ለገንፎ ትንሽ ሸርከት ያለ ነው የሚሻለው፤ ምን እንደምትፈልጉ ድንጋዩ ሳይነሳ ንገሯቸው። ዱቄቱ ሲወጣ ለብ ያለ ነው፣ ከረጢቱን ወዲያው አትቋጥሩት። ተከፍቶ ይቀዝቅዝ፣ አለበለዚያ ላብ ያወጣና ይጓጉላል።

የሸዋ በር ልጅ
የውሃ ወፍጮ ዱቄት ስለማይቃጠል ዓመት ይቀመጣል ይላሉ። እውነት ነው?

መጅ
አይደለም ወሪያ። ዝግ ብሎ ስለሚፈጭ ሙቀቱ ያነሰ ነው፣ ሽታውና ጣዕሙም ይሻላል፤ እስከዚህ ልክ ነህ። ግን የፍሬው ሽል (የሚበቅለው ክፍል) ከነቅባቱ ሙሉ በሙሉ አብሮ ተፈጭቷል፣ ቅባት ደግሞ ይመርራል። ገለባው ከወጣለት ነጭ ዱቄት ቀድሞ ነው የሚበላሽ። በተለይ ድሬ ሙቀት ላይ ከአንድ ወር በላይ ማስቀመጥ አይመከርም። ዓመት የሚቀመጠው ያልተፈጨው እህል ነው፣ ለዚህም ነበር ሰው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚያስፈጨው።

ኩሽኔታ
ሰልጣኞች ስላሉ ስለ ቋሚ ጎማም ትንሽ። አውሮፓ ያሉት ብዙዎቹ ቆመው የሚዞሩ ጎማዎች ናቸው፤ ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ ካለ ሜፕልደርሃም እንግሊዝ ውስጥ ቴምስ ወንዝ ላይ ያለውን ቢያይ ዛሬም ዱቄት ይፈጫል። ጎማው ዝግተኛ ነው። ድንጋዩ ግን 1.2 ሜትር ወርድ ካለው በደቂቃ 120 ገደማ መዞር አለበት። ጎማው በደቂቃ 10 ብቻ ከዞረ 12 እጥፍ ማፍጠን ያስፈልጋል፤ ይህ በሁለት ደረጃ ጥርስ ይሠራል። የእናንተ አግድሙ ጎማ ይህ ሁሉ የለበትም፦ ጎማው አንዴ ሲዞር ድንጋዩም አንዴ። ጥርስ የለም፣ ቺንጋ (ቀበቶ) የለም፣ የሚሰበርም ጥቂት ነው። ዋጋው ጉልበት ማነሱ ነው።

ስለ ጥርሱ አንድ ነገር፦ ትልቁ የብረት ጎማ ላይ ጥርሶቹ ሆን ተብሎ ከእንጨት ይሠራሉ። አንዱ ሲሰበር እንጨት ይተካል፣ ብረቱ ይተርፋል፤ ብልጭታም የለም፣ ዱቄት ያለበት ቤት ነውና። ቁጥራቸውም እኩል አይካፈልም። የትልቁ 60፣ የትንሹ 20 ጥርስ ቢሆን ሁልጊዜ የትንሹ አንድ ጥርስ የትልቁን ያንኑ ሦስቱን ብቻ ያገኛል፣ ጉድለት ያለበት ጥርስ እነዚያኑ ይበላል። 61 እና 20 ሲሆን ሁሉም ከሁሉም ጋር እየተገናኘ እኩል ያልቃል። ድሬ ላይ ጥርስ የምትቆርጡ ይህችን ያዙ።

ሌላው ውሃው የት እንደሚመታ ነው። እንግሊዛዊው ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1759 በሞዴል ፈትኖ ያቀረበው ውጤት፣ ውሃ ከላይ የሚፈስበት ቋሚ ጎማ ከሥር ከሚገፋው በግምት እጥፍ ሥራ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ከላይ ያለው በክብደቱ ይሠራል፣ ከሥር ያለው በግጭት ብቻ። ግን ከጎማው የወጣው ውሃ ወደ ኋላ ካበጠና የጎማው ግርጌ ከሰጠመ ያ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል። ክረምት ላይ ወፍጮ ውሃ ሞልቶ ሳለ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንጨት ጎማ ሳይዞር ከቆየ ደግሞ የታችኛው ግማሽ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ የላይኛው ይደርቃል፣ መጋጠሚያው ይላላል። ሲነሳ እየዘለለ ይዞራል። በየሳምንቱ ትንሽ ማዞር ነው መድኃኒቱ።

ሸመንደፈር
ስለ ደኅንነት ማንም አላነሳም። ዘንጉ የሚዞርበት ታችኛው ክፍል ውስጥ ድሪያ (ሰፊው ቀሚስ)፣ የተንዘረፈፈ ሻሽ፣ ሽርጥ፣ ነጠላ አይሆንም። ዘንጉ በደቂቃ 100 ጊዜ ሲዞር ጨርቅ ከያዘ ለመጮህ ጊዜ የለም። ሴቶቹ ሱሪ ለብሰው፣ ሻሹን ከአንገት ሥር አስገብተው ይግቡ። ወደ ታች ለመውረድ ከፈለጋችሁ ውሃው በጣውላ ከአሸንዳው ይዙር፣ ድንጋዩ ይቁም፣ ጣውላው ጋም ሰው ይቁም። ላይ ወንዙ ጋ ሄዶ መዝጋት አይበቃም፤ ቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ለብዙ ደቂቃ ይመጣል።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሲጋራም ኩራዝም የለም። የዱቄት ብናኝ አየር ላይ ከሞላ እንደ ባሩድ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1878 ትልቁ ዋሽበርን ወፍጮ በብናኝ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። የገጠሩ ትንሽ ወፍጮ ክፍት ስለሆነ ብናኙ እንደዚያ አይጠራቀምም፣ ግን ጥንቃቄው አይጎዳም። ለስልካችሁም ፕላስቲክ ያዙ።

የሸዋ በር ልጅ
እሺ፣ አንድ የመጨረሻ። እኛ ጋ ለምን የለም? የድሬው ደቻቱ ወንዝ ላይ ብንሠራስ?

አሸንዳ
ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። ቁልቁለቱ አለ፣ ውሃው የለም። ሲመጣም በአንድ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የሆነውን ድሬ አትረሳውም፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ወንዝ ዳር ላይ ዘንግ ተክለህ ጎማ አታቆምም። ለወፍጮ የሚሆነው ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ ውሃ ነው፤ በሰከንድ 30 ሊትር በየቀኑ ከመጣ፣ በዓመት አንድ ቀን ከሚመጣ ባሕር ይሻላል። ሐረር ዙሪያ ጅረት አለ፣ ግን ጫቱና አትክልቱ ውሃውን ቀድመውታል። ሐረማያ ሐይቅ እስኪደርቅ የተቀዳበት አካባቢ ላይ ማን ለወፍጮ ውሃ ይለቅልሃል?

ደቻቱ ዳር
ለሁላችሁም ምስጋና። ባለ ወፍጮው ክፍተቱን እናንተ አስተካክሉት ካለን ምን እናድርግ? ልጆቹ መሞከር ይፈልጋሉ።

መጅ
ዘንጉ የቆመበት ወራጅ እንጨት አንዱ ጫፍ በቋሚ ዘንግ ወደ ላይ ወጥቶ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በሽብልቅ ተይዟል። ሽብልቁን ስትመቱ ወራጁ ከፍ ይላል፣ ድንጋዩም ይነሳል፣ ዱቄቱ ይሸረከታል። ስታላሉት ድንጋዩ ይወርዳል፣ ይልማል። አንድ መዶሻ ምቱ፣ ቁሙ። አዲሱ ዱቄት ወደ ቋቱ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃልና ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እሹት። ሳትጠብቁ ደጋግማችሁ ከመታችሁ ታልፉታላችሁ። ማላላት ላይ ደግሞ እህል ሳይወርድ በፍጹም አትንኩት። ቅርጫቱ ሙሉ መሆኑን አንዱ ቆሞ ይይ፣ ሽብልቁን ሌላው ይያዝ።

እማማ ወፍጮ ቤት
መዶሻው የእንጨት ይሁን። ለባለ ወፍጮው ድርሻውን ጠይቃችሁ በእህል ክፈሉ፣ በገንዘብ አትጀምሩ።